የኮሪያ ዘማቾች ማህበር የልጅ ልጅ ይቀበላል?

ሰላም ቤተሰብ፣ አያቴ በ1943 ከመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማርና ሜዳሊያቸውም ፎቷቸውም እኔ ጋ ነው፣ ማህበሩ ለኛ ቦታ አለው? የሄደ ሰው ይንገረኝ

መልስ፦ አዲስ አበባ አፍንጮ በር የኮሪያ ዘማቾች ሀውልት ግቢ ሂጂና ጠይቂ እህቴ፣ ፎቶውን እንዳትረሺ፣ እኔ የአባቴን ሳሳያቸው አንዱ አባባ መነፅራቸውን አውልቀው አይናቸው ስር አስጠጉትና "ይሄማ የኛ ሻምበል ነው" ብለው ሳሙት፣ ከዛማ ማን ይልቀቀኝ

መልስ፦ እነዚህ ሰዎች እኮ አንድም ሳይማረክባቸው የሞተባቸውንም ጓድ ሬሳ እዛ ሳይተዉ ነው የተመለሱት፣ በደርግ ጊዜ ግን መንግስት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ስለነበር ዘማች ነኝ ማለት ያስፈራ ነበር፣ ስንቱ ሜዳሊያውን ደብቋል መሰለሽ፣ በህይወት ያሉትን አሁኑኑ በስልክሽ ቅጂያቸው እባክሽ

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር እንሄዳለን