ጥያቄ፦ ከሂቹ ስር ትንሽ ፑሊ ካስገባሁ ወዲህ ሂቹ ቶሎ አይነክስልኝም

ጠያቂ (ሜሪላንድ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የዛፍ ሥራ ላይ ነኝ። መውጣት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። እስካሁን የምወጣው በብሌክስ ሂች ነበር፤ የገመዱን ጭራ ራሱን ጠምጥሜ። ሂች ማለቴ ዋናው ገመድ ላይ የሚጠመጠም፣ ክብደት ሲጫነው ነክሶ የሚይዝ ቋጠሮ ነው። መያዝ ይይዛል፣ አሳፍሮኝ አያውቅም። ግን የላላውን ገመድ ለመሰብሰብ ሁለት እጅ ይፈልጋል። በአንዱ ገመዱን ትስባለህ፣ በሌላው ሂቹን ሽቅብ ትገፋለህ። ማታ ቤት ስገባ ቀኝ ትከሻዬ እንጀራ ለመቁረስ እንኳ አይታዘዘኝም።

ስለዚህ ባለፈው ወር ትንሽ ፑሊ ገዛሁ። ሁለቱም ጫፉ በፋብሪካ የተሰፋ የሂች ገመድም አብሬ ያዝኩ፤ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 90 ሳንቲ ሜትር። የማስረው ቪቲ የሚባለውን ሂች ነው። ከላይ አራት ዙር፣ ከስሩ ሦስት ጉንጉን። ዋናው ገመዴ አዲስ ነው፣ 11.7 ሚሊ ሜትር።

ስወጣ በጣም ደስ ይላል። ከስር ያለውን ገመድ ስስበው ፑሊዋ ሂቹን እየገፋች ይዛው ትሄዳለች። ችግሩ ክብደቴን ስጥልበት ነው። አንዳንዴ አንድ ክንድ ያህል ከተንሸራተትኩ በኋላ ነው የሚይዘኝ። ትናንት ትልቅ ቱሊፕ ፖፕላር ላይ ወደ ቅርንጫፍ ጫፍ ሄጄ ስመለስ ለቀቀኝ። ደንግጬ ሂቹን ጨበጥኩት፤ ጭራሽ ወረደ። እጄን ሳነሳ ያዘኝ። ከአንድ ሜትር በላይ ሳልወርድ አልቀረሁም። ፑሊዋን አውጥቼ ልጣላት? የልጆች አባት ነኝ፣ እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

የገመድ ሰው (ሲያትል)
ወንድሜ፣ እንኳን አተረፈህ። ይሄ ነገር እስኪስተካከል ድረስ በዚህ አሠራር አትውጣ። ለጊዜው ወደ ብሌክስህ ተመለስ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ፑሊዋ የመያዝ ሥራ የላትም። ሥራዋ ሂቹን ከስር መግፋት ብቻ ነው። የሚይዝህ ሂቹ ነው፣ እሱ ደግሞ ልክ አይደለም። አንተ ሂቹን በእጅህ ስትገፋ ሳታውቀው እያጠበቅከው ነበር። ፑሊዋ ግን ስትገፋው ዙሮቹን ታላላቸዋለች። የላላ ሂች ቶሎ ካልነከሰ መንሸራተት ይመጣል። ፑሊዋ የሂቹን ጥፋት ነው ያሳየችህ።

ጥፋቱ ከጻፍከው ይታየኛል። 11.7 ገመድ ላይ 10 ሚሊ ሜትር የሂች ገመድ ወፍራም ነው። የሂቹ ገመድ ከዋናው በደንብ ቀጠን ሲል ነው የሚነክሰው። 10 የሚስማማው ለ13 ሚሊ ሜትር ገመድ ነው። ለአንተ 8 ወይም 9 ይሻላል። ሁለተኛ፣ 90 ሳንቲ ሜትር ረጅም ነው። ሲረዝም እግሮቹ (ከዙሮቹ ወደ ታች የሚወርዱት ሁለት ጫፎች) ይንዘላዘላሉ፤ ስትቀመጥ መጀመሪያ እነሱ እስኪወጠሩ ትወርዳለህ። ከ70 እስከ 75 ያለውን ሞክር። ሦስተኛ፣ ሁለቱም አዲስ ናቸው። አዲስ ገመድ ያንሸራትታል፣ አዲስ የሂች ገመድ ደግሞ እንደ ሽቦ ይደርቃል። ቁጭ ብለህ በእጅህ እሸው፣ መሬት ላይ አስረህ ደጋግመህ ተቀመጥበት።

አንድ ነገር ልለምንህ። ሲለቅህ ሂቹን አትጨብጥ። ለመውረድ የምናደርገው ምንድነው? የሂቹን አናት ወደ ታች መሳብ። ደንግጠህ ስትጨብጠው ያደረግከው ያንኑ ነው። ይልቅ ከሂቹ በታች ያለውን ገመድ ጨብጥ። ይሄን መሬት ላይ እስክትለምደው ተለማመደው፤ ሲደነገጥ እጅ የሚሄደው ወደ ለመደው ነው።

የሽቱትጋርቷ
ጤና ይስጥልኝ። የሲያትሉ ወንድማችን ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ካራቢነሩ፣ ሂቹንና ፑሊዋን ከመታጠቂያህ ጋር ስለሚያያይዘው የብረት ማያያዣ፣ ልጠይቅህ። ፑሊዋን የት አደረግካት? ብዙ ሰው ሁለቱን የሂች ጆሮዎች (ጫፉ ላይ የተሰፉትን ቀለበቶች) ወደ አንድ ጎን ይገፋና ፑሊዋን በሌላው ጎን ያንጠለጥላል። እንደዚያ ሲሆን ካራቢነሩ ያዘማል፣ ሂቹ በአንድ እግሩ ብቻ ይወጠራል። ቅደም ተከተሉ ጆሮ፣ ፑሊ፣ ጆሮ ነው። ፑሊዋ መሃል ትግባ። ያኔ ገመዱ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ሁለቱም እግሮች እኩል ይሸከማሉ።

እኔ እዚህ ጀርመን ለኤስካቴ (በገመድ ዛፍ የመውጣት) ኮርስ ስዘጋጅ ዲስተል በሚባለው ሂች ነው የጀመርኩት። አራት ዙር ከላይ፣ አንድ ከስር። ከቪቲ ይልቅ ቶሎ ይነክሳል። እኛ አካባቢ ሽዋቢሽ የሚባልም አለ፣ ስሙ የመጣው ከዚሁ ከሽዋብ አገር ነው። ቪቲ ለስላሳ ነው፣ መውረጃው ያምራል፤ ግን የዙሩን ቁጥር ለራስህ ክብደትና ለራስህ ገመድ ፈልገህ ማግኘት አለብህ። የሌላ ሰው ቁጥር ለአንተ አይሠራም። በዝናብ ቀን ደግሞ ራሱ ቁጥሩ ይለወጣል፣ ልብ በል።

ገመዱን ቅርንጫፍ ላይ በቀጥታ ነው የምታሳልፈው ወይስ ቅርንጫፉ ላይ በሚታሰር ባለ ቀለበት መከላከያ ውስጥ?

ጠያቂ (ሜሪላንድ)
እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፑሊዋ ጎን ላይ ነበረች! አሁን ፎቶዬን ሳየው ካራቢነሩ በእርግጥም ዘሟል። ገመዱን ደግሞ ከፑሊዋ ጋር አንድ ቀን በገዛሁት ባለ ቀለበት መከላከያ ነው የማሳልፈው። ድሮ በቅርንጫፉ ላይ በቀጥታ ነበር።

የሽቱትጋርቷ
ይኸው ሌላው ምክንያት ተገኘ። ገመዱ በልጥ ላይ ሲያልፍ ቅርንጫፉ ራሱ ፍሬን ይይዝልህ ነበር። ቀለበቱ ያን ፍሬን አነሳው። መከላከያውን አትተው፣ ለዛፉም ለገመዱም ጥሩ ነው። ግን ሂቹ አሁን ከድሮው የበለጠ ሸክም ስላለበት አንድ ዙር ሊጨመርለት ይችላል።

ባሕር ዛፍ (አዲስ አበባ)
እኔ ጣልቃ ልግባ። እዚህ የግቢ ባሕር ዛፍና ጽድ እቆርጣለሁ። የምትሉት ፑሊ መርካቶ ብዞር አላገኘሁም። ያለው የግንባታና የልብስ ማስጫ ነው። ይሠራል?

የገመድ ሰው (ሲያትል)
አይ ወንድሜ፣ እሱን ተወው። ጠርዙ ስለታም ነው፣ ገመድህን ይበላዋል። ፑሊ ከሌለህ ትንሽ ካራቢነር ከሂቹ ስር አድርገህ ገመዱን በውስጧ አሳልፍ። እንደ ፑሊ አይንከባለልም፣ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ሂቹን ይገፋልሃል። ክብደትህ እሷ ላይ እንዳያርፍ ብቻ። የሚሸከምህ ካራቢነር ሌላ ነው። እሱ ራሱ የሚዘጋ፣ ለመክፈት ቢያንስ ሁለት ተከታታይ እንቅስቃሴ የሚፈልግ መሆን አለበት። እዚህ አሜሪካ የምንሠራበት ዜድ 133 የሚባለው የደህንነት መስፈርት 5,000 ፓውንድ እንዲችል ይጠይቃል፤ ዋናው ገመድና የሂቹ ገመድ ደግሞ 5,400። ሲባጎና የጭነት ገመድ በፍጹም።

ስለ ሂች ገመድ ካነሳን አይቀር፣ ሙቀት የሚችል ይሁን። ፖሊስተር 250 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል። ቴክኖራ የሚባል ሙቀት የሚችል ክር ያለበት ግን አይቀልጥም፣ 500 ገደማ ላይ ነው የሚበላሸው። በፍጥነት ስትወርድ ሂቹ ይግላል። ከወረድክ በኋላ ሂቹን በጣትህ ዳስሰው። እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭና የጠነከረ ቦታ ካገኘህ ጣለው፣ አትሳሳለት።

አዲስ ገቢ (ቨርጂኒያ)
ይሄንኑ ሂችና ፑሊ በነጠላ ገመድ ላይ መጠቀም ይቻላል?

የገመድ ሰው (ሲያትል)
እንደዚሁ አድርገህማ አትሞክረው። በእጥፍ ገመድ፣ ማለትም ገመዱን ቅርንጫፍ ላይ አሳልፈን በሁለቱ ጎኖቹ ስንወጣ፣ ክብደታችን በሁለቱ የገመድ ጎኖች ይካፈላል። 80 ኪሎ ሰው ሂቹ ላይ የሚጥለው 40 ገደማ ነው። ነጠላ ገመድ ላይ ሙሉው 80 ሂቹ ላይ ያርፋል። ወይ ነክሶ አልለቅ ይልሃል፣ ወይ ሲለቅ በአንዴ ይወርድና ይቃጠላል። ለዚያ ከሂቹ በላይ የሚገባ ገመዱን የሚያጣምም መሣሪያ አለ፣ ሮፕ ሬንች ይባላል። የሸክሙን ከፊል እሱ ይወስዳል። ያንን ግን ከሚያውቅ ሰው እጅ ተማር፣ ከጽሑፍ አይደለም።

ጠያቂ (ሜሪላንድ)
ቅዳሜ ሞከርኩት። 8 ሚሊ ሜትር፣ 75 ሳንቲ ሜትር፣ ቪቲ አምስት ዙር በሁለት ጉንጉን፣ ፑሊዋ መሃል። ከመሬት ጉልበት በማይሞላ ከፍታ ላይ ሠላሳ ጊዜ ያህል ተቀመጥኩበት፣ ተወዛወዝኩ፣ ዘልዬ ተቀመጥኩ። ሠላሳውንም ጊዜ ወዲያው ያዘ። ሲወርድ ግን ትንሽ ይከብዳል፣ አናቱን በደንብ መሳብ ይፈልጋል። ወደ አራት ዙር ልመልሰው?

የሽቱትጋርቷ
አሁን አትንካው። አዲስ ገመድ ነው፣ ጥቂት ቀን ሲሠራበት ይለሰልሳል። ከዚያም ከከበደህ አንድ ዙር ቀንስና ሠላሳውን ሙከራ እንደገና ከመሬት ጀምር። እስከዚያው የአምስት ዙር ክብደት ትከሻህን አይጎዳውም፣ መውጫው ላይ ፑሊዋ አለችልህ።