ግብፅን 2 ለ 0 ረታን፤ በዚሁ አጨዋወት ኮትዲቯር እንገባለን? (የሰኔ 2014 ዓ.ም. ውይይት)

የፒያሳው፦ ሰላም የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የሐይቅና የወልድያ ልጆች። ሐሙስ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በማላዊ ዋና ከተማ ሊሎንግዌ ላይ የሆነውን ሁላችሁም አይታችኋል። ዳዋ ሆቴሳ በ21ኛው፣ ሽመልስ በቀለ በ40ኛው ደቂቃ አገቡና ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። ከ4 ቀን በፊት ደግሞ እዚያው ከተማ ማላዊ 2 ለ 1 አሸንፋን ነበር። አሁን የማጣሪያ ምድባችን አራት ቡድኖች፣ እኛ፣ ግብፅ፣ ማላዊና ጊኒ፣ እኩል 3 ነጥብ ይዘናል። በጎል ልዩነት እኛ አናት ላይ ነን። ኮትዲቯር ለሚካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ የሚያልፉት ሁለት ናቸው። ጥያቄዬ፦ የአሰልጣኛችን የውበቱ አባተ ኳስ ይዞ የመጫወት መንገድ በዚህ ድል ተረጋገጠ ወይስ አንድ ቀን ቀናን? ስድብ የለም፣ ፖለቲካ የለም። ኳስ ብቻ።

ከኮምቦልቻ፦ ተረጋገጠ እንጂ! ምን ያከራክራል? ግብፅ እኮ ጥር መጨረሻ ላይ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተጫውታ በመለያ ምት የተሸነፈች አገር ናት። 7 ጊዜ ዋንጫውን ወስዳለች። ይቺን ቡድን በረጅም ኳስ ብንገጥማት ኖሮ በአየር ላይ ኳስ ብቻ ታዳሽቀን ነበር። ልጆቻችን አጫጭር ናቸው፤ ኳሱ መሬት ላይ መሆን አለበት። አለቀ።

የሐይቁ ልጅ፦ ቀስ በል ወንድሜ። ሳላህ አልነበረም። አሰልጣኛቸው ኢሀብ ጋላልም ከቀድሞው አሰልጣኝ ከኬሮሽ ከተረከበ ገና ሁለት ወር ገደማው ነው። ከሴኔጋል ጋር በመለያ ምት ሁለቴ ተሸንፎ፣ ዋንጫውንም የዓለም ዋንጫ ትኬቱንም አጥቶ፣ አንገቱን የደፋ ቡድን ነው ያገኘነው።

ከኮምቦልቻ፦ ሳላህ ተከላካይ ነው እንዴ? የተቆጠረባቸው እኮ 2 ጎል ነው።

የሐይቁ ልጅ፦ ሳላህ ካለ የግራ ተከላካያችን ከመሀል መስመር አያልፍም። እሱ ካላለፈ የምትወደው ቅብብል ከየት ይመጣል?

ከኮምቦልቻ፦ ይሁን፣ እሷን ሰጠሁህ። ግን ሽመልስን አትርሳ። ልጁ ስንት ዓመት ግብፅ ሊግ ውስጥ ነው የሚጫወተው። የእነሱን ተከላካዮች እንደ ጎረቤት ያውቃቸዋል። አሰልጣኝ ይህን አውቆ ቡድኑን በእሱ ዙሪያ ካቆመ እድል አይባልም፤ ሥራ ነው።

የሸዋ በሩ አንጋፋ፦ ልጆች፣ ግብፅን መርታት ዛሬ የተጀመረ አስመሰላችሁት። ጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ዋንጫን የወሰድነው እነሱን 4 ለ 2 አሸንፈን ነው። ሁለት ጊዜ መርተውናል፤ ሁለት ጊዜ አቻ አደረግን። በተጨማሪው 30 ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨረሷቸው። እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፤ ወሬው እዚህ የደረሰን በሬዲዮ ነው። ምን ልላችሁ ነው፦ እነሱ ሲደክሙ እኛ ገና እየሮጥን ነበር። ሜዳውም አየሩም የኛ ነበር። አሁን የምትከራከሩት ስለ ቅብብል ብቻ ነው፤ ጉልበትን የሚያነሳ የለም።

የፒያሳው፦ ጋሼ ኑሩልን። ጉልበቱን ይዘን እንቀጥል። አሰልጣኝ፣ አንተ ዝም ብለህ ታነባለህ፣ ለምን አትናገርም?

አሰልጣኙ፦ እሺ፣ ትንሽ ልርዘም፣ ታገሱኝ።

እኔ ሰፈር ውስጥ ከ15 ዓመት በታች ልጆች አሠለጥናለሁ። ሜዳችን ከጦሳ ተራራ ሥር ነው፣ ያዘቀዝቃል፣ ኮረት አለው። በረኛዬን «በእጅህ አጭር ስጥ» እለዋለሁ። ይሰጣል። ኳሷ ኮረት ላይ ትነጥርና የተከላካዩን ጉልበት ትመታለች። ያን ጊዜ የሚፈጠረውን ነው ልብ ብዬ የማየው። ሦስቱ ልጆች እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ኮረቱን ያያሉ፤ አራተኛው ኳሷን ተከትሎ ይሮጣል። ያ አራተኛው ልጅ ተጫዋች ይሆናል። የብሔራዊ ቡድናችንም ጣጣ ይኸው ነው። ኳስ ስንይዝ ጎበዞች ነን። ኳሷ ስትነጠቅ ባሉት 5 ሰከንዶች ውስጥ ግን ቆመን እናያለን።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ጥር ላይ ካሜሩን በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ የሆነውን አስታውሱ። ከኬፕ ቨርዴ ጋር ያሬድ ባዬ በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ወጣ። ለምን? ከኋላችን ሜዳው ባዶ ነበርና ወደ ጎል የሚሮጠውን ሰው ማስቆም ግድ ሆነበት። በ10 ሰው 1 ለ 0 ተሸነፍን። ከካሜሩን ጋር ዳዋ በ4ኛው ደቂቃ አገባ፣ እስከ እረፍት 1 ለ 1 ነበርን። ከዚያ በ53፣ በ55 እና በ67ኛው ደቂቃ አገቡብን። በ14 ደቂቃ 3 ጎል! ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ወጣን። በውድድሩ ከተቆጠሩብን 6 ጎሎች ግማሹ በዚያች 14 ደቂቃ የገባ ነው። ኳስ ስለያዝን አይደለም የተሸነፍነው። ከእረፍት በኋላ ኳስ ይዞ የመሮጥ አቅም ስላልነበረን ነው።

አሁን ሐሙስን እዩት። ሁለቱም ጎሎች ከእረፍት በፊት ናቸው። ከእረፍት በኋላ አላገባንም፣ አልተቆጠረብንምም። ለእኔ የጨዋታው ትልቁ ዜና ሁለተኛው 45 ደቂቃ ነው። ካሜሩን ላይ የፈረሰው ቡድን እዚህ አልፈረሰም። ውበቱ የሚመሰገነው ለዚህ ነው፤ ሰው ግን የሚያወራው ስለ ቅብብሉ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ታዲያ ከኔ ጋር ነህ ማለት ነዋ።

አሰልጣኙ፦ ግማሹን። መንገዱ ይቀጥል እላለሁ። ግን አንድ ጨዋታ ልማድ አይሆንም። ማላዊ 2 ያገባችብን እኮ በዚያው ሳምንት፣ በዚሁ አጨዋወት ላይ ነው።

የሐይቁ ልጅ፦ ወላሂ ይሄን ነው ስለው የቆየሁት። በ4 ቀን ውስጥ ሁለት የተለያየ ቡድን አየን። የትኛው ነው እኛ?

ባለ ካሜራው፦ ሁለቱም እኛ ነን። ማላዊ ወደኋላ ተሰብስባ ጠበቀችን፤ ግብፅ «እነዚህን እናውቃቸዋለን» ብላ የኋላ ሜዳዋን ከፍታ መጣች። ክፍት ቦታ ካገኘን እንጨፍራለን፣ ከተዘጋብን ደግሞ ኳሷን ከቀኝ ወደ ግራ እያመላለስን እንመሻለን። የተዘጋ በር የሚከፍት ሁለተኛ ዘዴ የለንም። የቆመ ኳስ፣ ቅጣት ምትና የማዕዘን ምት? የለንም። ከሳጥን ውጪ የሚመታ? ሽመልስ ብቻ።

ከኮምቦልቻ፦ አቡበከር ናስርስ? አምና ሊጉ ላይ 29 ጎል ያገባ ልጅ እኮ ነው!

ባለ ካሜራው፦ አቡበከር ጥሩ ነው፣ ማን ካደ። የደቡብ አፍሪካው ክለብ ሰንዳውንስ ዝም ብሎ አልፈለገውም። እዚያ ሲሄድ በየሳምንቱ ከጠንካራ ተከላካይ ጋር ይጋፋል፣ ያን ጊዜ እናወራለን። የኛ ሊግ ዘንድሮ በሐዋሳ፣ በአዳማና በባሕር ዳር ተሰብስቦ ነው የተካሄደው። ለዲኤስቲቪ ካሜራ ይመቻል። ለተጫዋች ግን ጉዞ የለ፣ የተቀያየረ አየር የለ፣ የባለሜዳ ጩኸት የለ። አፍሪካ ውስጥ ማጣሪያ ስትጫወት የሚገጥምህ ደግሞ እሱ ነው።

የወልድያዋ፦ ጩኸት ካላችሁ እኔም ልናገር። ለምንድነው ግብፅን ያስተናገድነው ማላዊ ሄደን? የኛ ጨዋታ ነበር እኮ! ባሕር ዳር ላይ ደቡብ አፍሪካን ካስተናገድን በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሜዳችሁ አይሆንም አለን። ከጋና ጋር «በሜዳችን» የተባለውን ጨዋታ ጆሃንስበርግ ላይ አደረግን። አሁን ደግሞ ሊሎንግዌ። ወልድያ ከ25,000 ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲየም ከ2009 ጀምሮ ቆሟል። ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ጋሼ ያሉት አየር ማለት ይሄ ነው። ግብፅን 60ኛው ደቂቃ ላይ እዚህ አምጥታችሁ ብታዩዋት!

የሐይቁ ልጅ፦ እህቴ ልብሽን አውቃለሁ፣ የኔም ልብ ነው። ግን ካፍ ሣርና ወንበር ብቻ አያይም። ሆቴል ይጠይቃል፣ ሆስፒታል ይጠይቃል፣ አየር ማረፊያ ይጠይቃል። ከኮምቦልቻ ኤርፖርት አውጥተሽ ደሴን አቋርጠሽ ሌላ 120 ኪሎ ሜትር ትጭኚያቸዋለሽ? ከተማዋም ገና ከጦርነቱ እያገገመች ነው።

የወልድያዋ፦ ማገገሙን እኔ ነኝ የምኖረው፣ አትንገረኝ። ሆቴልም የሚሠራው ሥራ ሲመጣ ነው። ክለባችን በ2010 ከፕሪሚየር ሊግ ከወረደ ወዲህ ያ ሜዳ ስንት ትልቅ ጨዋታ አየ? ዛሬ ይሁን አላልኩም። እናንተ ስለ ቅብብልና ስለ ጉልበት ስትጨቃጨቁ ይሄ ቡድን አንድም ጨዋታ አገሩ ላይ ሳይጫወት ማጣሪያውን ሊጨርስ ነው። ከሜዳ ውጪ 6 ጨዋታ ተጫውቶ ማለፍ ቀላል ነው?

የሸዋ በሩ አንጋፋ፦ ልጅቷ እውነት አላት።

ባለ ካሜራው፦ እውነት አላት። ግን የስታዲየም ጉዳይ የውበቱ ጥፋት አይደለም፣ ይህንንም እንለይ። ነገ ጊኒ ብታሸንፈን ሁሉም ሰው ውበቱ ላይ ነው የሚወርደው።

የፒያሳው፦ ወደ ጊኒ እንሂድ በቃ። ቀጣዮቹ ሁለቱ ጨዋታዎች ከእነሱ ጋር ናቸው። ናቢ ኬታ መሀል ሜዳ ላይ ነው፣ የሊቨርፑሉ። ከሁለቱ ጨዋታ 4 ነጥብ ካገኘን እናልፋለን ባይ ነኝ። ሁለቱንም ከተሸነፍን ግን ይሄ የግብፅ ድል ለፎቶ ብቻ ይቀራል። አሰልጣኝ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?

አሰልጣኙ፦ ጊኒዎች ፈጣን ናቸው፣ ጉልበተኞችም ናቸው። እንደ ግብፅ ከፍተው አይመጡም፤ ኳሷን ለእኛ ትተው ስህተታችንን ይጠብቃሉ። ስለዚህ ሁለቱን የመስመር ተከላካዮች አንድ ላይ አልልክም፤ አንዱ ሲሄድ አንዱ ይቀራል። በረኛው ጫና ከበዛበት ረጅም ይምታ፣ ነውር የለውም። አምስት ቅያሪ ተፈቅዷል፤ እስከ 80ኛው ደቂቃ አልጠብቅም። 60 ላይ ሁለት ትኩስ አማካይ አስገባለሁ። ካሜሩን ያፈረሰችን እዚያ አካባቢ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ በቅያሪው ተስማማሁ። ብቻ እየመራን ከሆነ አቡበከርን እንዳታስወጣው፣ አደራ።

አሰልጣኙ፦ እየመራን ከሆነ መጀመሪያ የማስወጣው እሱን ነው።

ከኮምቦልቻ፦ በል አንተ ከነልጆችህ ጦሳ ሥር ቅር!