እናቴን ወደ እንጦጦ ሪዞርት ለመውሰድ ምክራችሁን እጠይቃለሁ

ከአሜሪካ ቨርጂኒያ ለሚመጡት እናቴ እንጦጦ ተራራ ላይ ስፓ ባለው የቅንጦት ሪዞርት ክፍል ይዤላቸዋለሁ፤ ሆኖም እናቴ የደም ግፊት ስላለባቸውና አምሎዲፒን የተባለውን የግፊት መድኃኒት ስለሚወስዱ መወሰን አቅቶኛል።

የሚኖሩበት አካባቢ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ያለ አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ስትሆን፣ እንጦጦ ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። በዚያ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በድንገት የወጣ ሰው ራስ ምታት፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ሊገጥመው ይችላል።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ስፓው ነው። የሳውናና የእንፋሎት ሙቀት የደም ሥሮችን በማስፋት ግፊትን ዝቅ ያደርጋል፤ መድኃኒቱም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ስለሆነ፣ ሁለቱ ተደራርበው እናቴ ከተቀመጡበት ሲነሡ አዙሯቸው እንዳይወድቁ እሰጋለሁ። እንፋሎት እጅግ ስለሚወዱ፣ የእንጦጦን የባሕር ዛፍ ሽታም ስለሚናፍቁ፣ «ይቅርብዎ» ለማለት አንጀቴ አልቻለም።

የሕክምና ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ወላጆቻችሁን ወደ ተራራ ማረፊያ የወሰዳችሁ ሁሉ፣ መጀመሪያ አዲስ አበባ ጥቂት ቀናት ቢሰነብቱ ይበቃ እንደሆነ፣ እንፋሎቱን ትተው ማሳጅ ብቻ ቢጠቀሙ ይሻል እንደሆነ፣ ወይም በ1,900 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ቢሾፍቱ ብለውጠው ይመረጥ እንደሆነ ብትነግሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ለሐኪማቸው ምን ብዬ እንደምጠይቅ ብትጠቁሙኝም ትልቅ እርዳታ ነው፤ ቀሪውን ክፍያ የምፈጽመው መልሳችሁን ካየሁ በኋላ ነው።