የበርሊን መከላከያ ጨዋታ ነው ወይስ በር መዝጋት?

ፈረሰኛው፦ እ.ኤ.አ. 2000 ለንደን ላይ ክራምኒክ ካስፓሮቭን ከዓለም የቼዝ ዘውዱ ያወረደበትን ግጥሚያ ደግሜ አየሁት፣ አሁንም አልዋጥ አለኝ። 15 ጨዋታ፣ 13ቱ አቻ! ክራምኒክ በጥቁር በርሊን የሚባለውን የመከላከያ አጀማመር ሲጫወት በ8ኛው ሙቭ (እርምጃ) ንግስቶቹ ተበላልተው ከቦርዱ ወጡ፣ ከዛ ምን ቀረ? በር ዘግቶ መቀመጥ። 13ኛው ጨዋታማ በ14 ሙቭ አለቀ። ለኔ አቻ ላይ ነጥብ መቀነስ አለበት።

የጥቁር ወዳጅ፦ በር ዘጋ ያልከው ላይ አልስማማም ወንድሜ። እስቲ ቦርዱን ደርድረው፣ የጥቁሩ ንጉስ ዲ8 የምትባለው ሳጥን ላይ መሀል ሜዳ ቆሟል፣ ካስል ማድረግ (ንጉሱን ወደ ጥግ ወስዶ መደበቅ) አይችልም፣ ሲ መስመር ላይ ሁለት ወታደር ተደራርቦበታል፣ ነጭ ደግሞ በንጉሱ በኩል በወታደር 4 ለ3 ይበልጠዋል፣ ሌላው ሁሉ ተበላልቶ ወታደር ብቻ ቢቀር ነጭ ነው የሚያሸንፈው። ክራምኒክ ይሄን ሁሉ እያወቀ ነው እኮ ሁለት ቢሾፑን (በሰያፍ የሚሄዱትን) ተማምኖ የገባበት። ከእ.ኤ.አ. 1985 ጀምሮ ቻምፒዮን የነበረው ካስፓሮቭ ቤቱ ያዘጋጀውን ጥቃት ገና ሳይጀምረው ነጠቀው፣ ይሄ ፍርሃት ነው?

እታለም፦ ደግሞ ንግስቷን መጀመሪያ የሚበላው ነጭ ነው። ካስፓሮቭ በ4ኛው ሙቭ ወታደሩን ዲ3 ላይ አድርጎ ንግስቶቹን ማቆየት ይችል ነበር፣ በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ9ኛውና በ13ኛው ጨዋታ ግን አራቴም እዛው ገባ። ጥፋቱን ለምን ክራምኒክ ላይ ብቻ?

ፈረሰኛው፦ እሱን ልቀበል። ግን ተመልካቹስ? ሰፈር ልጆች አስተምራለሁ፣ ይሄን ጨዋታ ሳሳያቸው አንዷ "ንግስቷ ከሌለች ምኑን እናያለን?" ብላ ተነስታ ሄደች። ልቤን ነው የነካችኝ።

የጥቁር ወዳጅ፦ እ.ኤ.አ. የ2014ቱን የሶቺ የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ፣ የካርልሰንና የአናንድን 11ኛ ጨዋታ አሳያት። ያው በርሊን ነው፣ አናንድ በጥቁር ወታደሩን ወደ ቢ5 ገፍቶ ንጉሱ ባለበት በኩል ከፈተው፣ ሩኩን (ከቢሾፕ የሚበልጠውን) ለቢሾፕ ሰጠ፣ እስከ 45ኛው ሙቭ ድረስ ትንፋሽ አይሰጥም።

ፈረሰኛው፦ አናንድ ግን ተሸነፈ እኮ! ካርልሰን ዘውዱን ያቆየው በዛች ጨዋታ ነው። በሩን የከፈተው ሲሸነፍ፣ የዘጋው ቻምፒዮን ሲሆን ልጆቹ ምን ይማራሉ?

የመርካቶ ልጅ፦ ክራምኒክ እኮ በነጭ ሁለት ጨዋታ አሸንፏል፣ 2ኛውንና 10ኛውን፣ ዘውዱ የመጣው በነሱ ነው። ነጥብ መቀነስ ይቅር፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የሶፊያ ውድድር ላይ እንዳደረጉት ተጫዋቾቹ በመሃላቸው አቻ መጠያየቅን ይከልክሉ። በርሊንም ይሁን ሌላ እስከ መጨረሻው ይጫወቱት፣ ያኔ 14 ሙቭ ላይ እጅ መጨባበጥ አይኖርም።