የሙዚቃ ቪዲዮን በንድፈ ሐሳብ ስንመረምር ግጥሙ ሰምና ወርቅ ቢሆንስ?

ጠያቂ፦ የስድስት ኪሎዋ

ጤና ይስጥልኝ። ስድስት ኪሎ አካባቢ በሚዲያና ኮሙኒኬሽን ዘርፍ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን እየተከታተልሁ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፌም በአማርኛ የሙዚቃ ቪዲዮዎች ላይ ያተኩራል። የትንተናውን ምዕራፍ ረቂቅ ለአማካሪዬ አስገብቼ ሲመለስልኝ፣ ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሦስት ቦታ የተጻፈው «ዘረዘርሽ እንጂ አልመረመርሽም» የሚል ነበር። አስተያየቱ ትክክል እንደሆነ ይሰማኛል፤ እንዴት እንደማስተካክለው ግን ግራ ገብቶኛል።

የተከተልሁት የሙዚቃ ቪዲዮ ተመራማሪው አንድሪው ጉድዊን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረባቸውን ነጥቦች ነው፦ የሙዚቃው ዘውግ ከቪዲዮው አቀራረብ ጋር ያለው ዝምድና፣ ግጥም ከምስል እንዲሁም ዜማ ከምስል የሚገናኙበት መንገድ፣ የአሳታሚው ፍላጎትና የድምፃዊው ፊት በቅርብ መታየት፣ የመመልከትና የመታየት ጉዳይ፣ ሌሎች ሥራዎችን መጥቀስ። የመረጥሁት ቪዲዮ የስንብት ዘፈን ነው። አንድ ወጣት ለገሃር በሚገኘው አሮጌው የባቡር ጣቢያ ደጃፍ ከእናቱ ጋር ይሰናበታል፤ ግጥሙም እንደሚመለስ ቃል ይገባል። እኔም «ሎኬሽን፦ አሮጌ ጣቢያ፤ አልባሳት፦ እናትየዋ ባህላዊ ልብስ ለብሳለች፤ ክሎዝአፕ፦ በብዛት አለ» እያልሁ ሠንጠረዡን ሞላሁ።

በተለይ ያስቸገረኝ የግጥሙና የምስሉ ግንኙነት ነው። ጉድዊን ምስሉ ግጥሙን ሊያሳይ፣ ሊያጎላ ወይም ከግጥሙ ጋር ሊለያይ እንደሚችል ይናገራል። የእኔ ዘፈን አዝማች ግን ኅብር (ሁለት ፍቺ የያዘ ቃል) ያለበት ስለሆነ፣ ምስሉ ከአንደኛው ፍቺ ጋር ሲስማማ ከሌላኛው ጋር ይለያያል። ታዲያ በየትኛው ሥር ልመድበው?

መልስ፦ የአራት ኪሎ ልጅ

ጥያቄዎ ግሩም ነው፤ እንደ እኔ አስተያየት የምዕራፍዎ ልብ መሆን ያለበትም ይኸው ያስቸገረዎት ነገር ነው። የጉድዊን ሦስት መደቦች ግጥሙ አንድ የሚታወቅ ፍቺ እንዳለው አድርገው ይነሣሉ፤ ሰምና ወርቅ ባለበት ግጥም ግን «ምስሉ ግጥሙን አሳየ» ከማለታችን በፊት «የትኛውን?» ብለን መጠየቅ አለብን።

የሰውን ዘፈን ከምጠቅስ ለምሳሌ ያህል ራሴ የገጠምሁትን ላቅርብ፦

ተጋፍቼ እንዳልገባ፣ የሰው ዓይን አፈርሁ፤
ሁሉን አሳፍሬ፣ እኔ ተራ ቀረሁ።

ሰሙ የታክሲ ተራ ነው፤ ሰውዬው ሌላውን ሁሉ አስቀድሞ አሳፍሮ እሱ ተራው ላይ ቀረ። ወርቁ ግን «ቀረሁ» ከሚለው ግስ ፊት «ተራ» የሚለው ቃል ቦታ መሆኑን ትቶ የሰው ደረጃ ሲሆን ይወጣል፤ «ባዶ ቀረሁ» እንደምንለው «ተራ ሰው ሆኜ ቀረሁ» ማለት ነው። «አሳፍሬ»ም ብትሆን ከመሳፈርና ከማፈር መካከል ቆማለች።

አሁን ለዚህ ግጥም ቪዲዮ እንሥራ። ዳይሬክተሩ ፒያሳ ላይ የተሰለፈ ሰውና ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ቢያሳየን ሰሙን አሳየ፤ ወርቁን ለአድማጭ ጆሮ ተወለት። ሚኒባሱን ጨርሶ ትቶ ጓደኞቹ ሁሉ ተድረውና ሹመት አግኝተው እሱ ብቻ በቆመበት ሲቀር ቢያሳየን ወርቁን አደባባይ አወጣው፤ ለእኔ ይህ ጉዳት ነው፤ ምክንያቱም የኅብር ደስታ ያለው አድማጩ ራሱ ቆፍሮ ሲያገኘው ነው። ሦስተኛው መንገድ ደግሞ ሰልፉን እያሳየ የሰልፈኞቹን ልብስ፣ አቋቋምና የካሜራውን ከፍታ በመጠቀም ሰውዬውን ዝቅ ማድረግ ነው። ያኔ ምስሉ ራሱ ሰምና ወርቅ ይኖረዋል። ስለዚህ በሠንጠረዥዎ ላይ «ግጥምና ምስል» የሚለውን ዓምድ ለሁለት ይክፈሉትና «ከሰሙ ጋር» እና «ከወርቁ ጋር» ብለው ለየብቻ ይሙሉት።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የፈረንሳዊውን የምልክት ተመራማሪ የሮላን ባርትን እማሬያዊ (ቀጥተኛ) እና ፍካሬያዊ (ተደራቢ) ፍቺ ከሰምና ወርቅ ጋር አንድ አድርገው የሚጽፉ ተማሪዎች አጋጥመውኛል። አንድ አይደሉም። ፍካሬያዊ ፍቺ ከማኅበረሰቡ ልማድ የሚመነጭ፣ ማንም ሳይሰውረው በምስሉ ላይ የሚያርፍ ነው። ወርቅን ግን ገጣሚው አስቦ ይሰውረዋል፤ ፈቺው ሲያገኘውም አገኘሁት ብሎ ያርፋል። ሁለቱን ካደባለቁ መርማሪው ያሻውን ሁሉ «ወርቅ» ለማለት በር ይከፈትለታል።

መልስ፦ ቆራጭ

ካዛንቺስ በሚገኝ ስቱዲዮ በኤዲተርነት እሠራለሁ፤ እንግዲህ ስለ ንድፈ ሐሳቡ ሳይሆን ክሊፕ በእውነቱ እንዴት እንደሚሠራ የማውቀውን ላካፍልዎ።

ድምፁ ተጠናቅቆ ይደርሰናል። ቀረጻው ላይ ዘፈኑ በስፒከር ይለቀቅና ድምፃዊው በዚያ ላይ አፉን ያስማማል። አራት ኪሎ ወይም ለገሃር ላይ ጎዳናው ባዶ ሆኖ ካዩ፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ እሑድ ጎህ ሲቀድ መቀረጹ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ መኪናውም ተመልካቹም ሥራ አያሠራንም። «ባዶው ጎዳና ብቸኝነትን ያመለክታል» የሚል ጽሑፍ ባነበብሁ ቁጥር ያን ብርድ አስታውሳለሁ። የፊት ክሎዝአፕም እንዲሁ ነው። በጉድዊን ሐሳብ አሳታሚው ድርጅት ፊቱን የሚፈልገው ቪዲዮው የአልበሙ ማስታወቂያ ስለሆነ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን በካሴት ዘመን አሳታሚው ሙዚቃ ቤቱ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የዩቲዩብ ቻናሉ ባለቤት ነው፤ እሱም ገና ከቀረጻው በፊት ለተምኔል (ቪዲዮው ከመከፈቱ በፊት ለሚታየው ምስል) የሚሆን ፊት እንድናወጣለት ይጠይቀናል። ስለዚህ «ክሎዝአፕ በብዛት አለ» ብለው ሲጽፉ ለማን ተብሎ እንደበዛም ይጻፉ።

ብዙ ሰው ችላ የሚለው የዜማውንና የምስሉን ግንኙነት ነው። ችክችካ ስድስት ስምንተኛ ምት ነው፤ ለጀማሪ ኤዲተር በየከበሮው መቁረጥ ያጓጓል። እስክስታ ላይ ይህን ካደረጉ ግን ውዝዋዜው ይጠፋል፤ ትከሻው ወርዶ ሳይመለስ ምስሉ ተቀይሯልና። ትከሻን ለማሳየት ካሜራው ከወገብ በላይ ይዞ ታግሦ መቆየት አለበት፤ የውዝዋዜ ክሊፖቻችን ውስጥ ከሌላው አገር የዳንስ ቪዲዮ ረዘም ያሉ ሾቶች (ሳይቆረጡ የሚሄዱ ምስሎች) ቢያገኙ ኤዲተሩ ስለሰነፈ አይደለም፤ ፍጥነቱ ያለው ገላው ላይ ስለሆነ ነው። የእርስዎ ዘፈን በትዝታ ቅኝት የተዜመ ከሆነ ደግሞ ቁርጡ የሚከተለው ምቱን ሳይሆን የድምፃዊውን ትንፋሽ ሊሆን ይችላል። ሰዓት ይዘው ይለኩት።

መልስ፦ መምህርት

«ቆራጭ» ያሉት ነገር ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ነጥብ ላይ አልስማማም። ጎዳናው ባዶ የሆነው በቀረጻ ሰዓት ምክንያት መሆኑ፣ ተመልካቹ በውስጡ ብቸኝነትን እንዳያነብ አያግደውም። የባህልና የሚዲያ ተመራማሪው ስቱዋርት ሆል እ.ኤ.አ. በ1973 ያስረዳው ይህንኑ ነው፤ መልእክት የሚቀረጽበት ሂደትና የሚፈታበት ሂደት የየራሳቸው ሁኔታ አላቸው፤ ተመልካቹም የቀረበለትን ፍቺ እንዳለ ሊቀበለው፣ ሊደራደረው ወይም ሊቃወመው ይችላል። ስህተት የሚሆነው «ዳይሬክተሩ ብቸኝነትን ለማመልከት አስቦ» ብሎ መጻፍ ነው፤ «የከተማዋ ነዋሪ ይህን አደባባይ ባዶ ሆኖ አይቶት ስለማያውቅ፣ ባዶነቱ እንግዳ ይሆንበታል» ብሎ መጻፍ ግን ምርመራ ነው። ምስል ትርጉም የሚያገኘው ተመልካቹ ከለመደው ጋር ሲነጻጸር ነውና።

በዚህ ዓይን ለገሃርን ይመልከቱት። ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ጀምሮ ለብዙ ዘመን መንገደኛ የሚሸኝበትና የሚቀበልበት ቦታ ይህ አካባቢ ነበር። ዛሬ ግን የጅቡቲው ባቡር የሚነሣው ከከተማዋ ዳር ነው። ዳይሬክተሩ ልጁን ባቡር ከማይነሣበት ጣቢያ ሲያሰናብተው፣ «ሎኬሽን፦ አሮጌ ጣቢያ» የሚለው ማስታወሻዎ ይህን ሁሉ ውጦ አስቀርቶታል።

ስለ መመልከትና መታየትም አንድ ነገር ልበል። ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመውን የፊልም ንድፈ ሐሳብ ምሁሯን የሎራ መልቪን ጽሑፍ ይጠቅሱና ሴት የታየችበትን ሾት ሁሉ በአንድ ፍርድ ያልፉታል። መልቪ የጻፈችው ስለ ሆሊውድ ፊልም ነው፤ በዚያ ተዋናዩ ካሜራው እንደሌለ ሆኖ ይጫወታል፣ ተመልካቹም በጨለማ ተሸሽጎ ያያል። በሙዚቃ ቪዲዮ ግን ድምፃዊው ዓይኑን ሌንሱ ላይ ተክሎ ይዘፍንልናል። ስለዚህ ፍርድ ከመስጠትዎ በፊት ይቁጠሩ፤ ማን ማንን ያያል? ወደ ሌንሱ የማየት መብት የተሰጠው ማነው? የሚታይ እንጂ የማያየው ማነው?

በመጨረሻም «እናትየዋ ባህላዊ ልብስ ለብሳለች» ያሉት ነገር ከነከነኝ። ነጠላዋን እንዴት ነው የለበሰችው? ተከናንባ ነው? አደግድጋ ነው? ወይስ ሌላ? ለእኛ ተመልካች ልብሱ ሳይሆን አለባበሱ ነው የሚናገረው። እባክዎ ተመልሰው ይዩት።

ጠያቂ፦ የስድስት ኪሎዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ቪዲዮውን ከአዝማቹ መነሻ ጀምሮ ለ52 ሰከንድ ያህል እያቆምሁ ተመለከትሁት፤ 14 ሾቶች አሉት።

ወጣቱ በስድስቱ ወደ ሌንሱ እየተመለከተ ይዘፍናል። እናትየዋ በአምስት ሾቶች ትታያለች፤ በአንዱም ወደ እኛ አታይም፤ የምታየው ልጇን ወይም መሬቱን ነው። ከአምስቱ አራቱ ፊቷን ብቻ የያዙ ስለሆኑ ነጠላዋ በግንባሯ ላይ እንደ ነጭ መስመር ከመታየት አያልፍም። በአምስተኛው ግን ካሜራው ከኋላ ሆኖ እናትና ልጅን ከጣቢያው በር ጋር አንድ ላይ ይይዛቸዋል። ሾቱ ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። እዚያ ላይ አቁሜ አጎላሁት፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

ወንበሬ ላይ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ልጇን መንገድ የምትሸኝ እናት ለሐዘን እንደሚለበሰው ለብሳ ቆማለች። እኔ ደግሞ ይህን ምናልባት ሠላሳ ጊዜ አይቼ «ባህላዊ ልብስ» ብዬ አልፌዋለሁ። ሾቱ የሚገባው ድምፃዊው «እመለሳለሁ» የሚለውን ቃል በሚያስረዝምበት ቦታ ላይ ነው፤ «ቆራጭ» እንዳሉትም ቁርጡ ምቱን አልጠበቀም፤ ድምፃዊው ትንፋሽ ሲወስድ ምስሉ ወደ ልጁ ፊት ይመለሳል።

ስለዚህ ዓምዱን እንደተመከርሁት ለሁለት ከፍዬዋለሁ። በአዝማቹ ሰም በኩል ምስሉ መሸኘትን ስለሚያሳይ «ያሳያል» ብዬ መዝግቤዋለሁ። በወርቁ በኩል ግን ኅብሩ «መሄድ» የሚለው ቃል ላይ ስለሆነ፣ እናትየዋ የምትሰማው የመንገዱን መሄድ ሳይሆን የማይመለሰውን መሄድ ነው፤ ልጁ ሰሙን ይዘፍናል፣ እናቲቱ ወርቁን ለብሳለች። ጣቢያውም ባቡር የማይነሣበት መሆኑ ከእርሷ ጋር ይቆማል። ሁለቱም በአንድ ሾት ውስጥ ስለሆኑ በአንድ መደብ ላስገባቸው አልሞከርሁም፤ መደቡ የማይበቃበትን ምክንያት በሁለት ገጽ ጻፍሁት።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። የእናትየዋ አለባበስ በአልባሳት ባለሙያው የታሰበ ይሁን ወይስ ተዋናይቷ ራሷ ያደረገችው ይሁን ከቪዲዮው ማወቅ አልቻልሁም፤ ስለዚህ «አስቦበት» የሚለውን ቃል ከረቂቁ ውስጥ ሁሉ አውጥቼ በቦታው ተመልካቹ የሚያነበውን ጽፌያለሁ። አማካሪዬን ዓርብ ከሰዓት በኋላ አገኛለሁ፤ በዚያ ቀን ከምዕራፉ ጋር ያን ሾት በወረቀት አትሜ እወስድለታለሁ።