የውሃ ቢል ሦስት እጥፍ መጣብኝ፣ እስከ አርብ ምን ላድርግ?

ደመወዝ ጠባቂ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ቸኩያለሁ። ዛሬ የመጣው የውሃ ቢል 27 ሜትር ኪዩብ ይላል። ያለፈው ወር 9 ነበር። ቆጣሪው ተበላሽቷል ማለት ነው። እስከ አርብ ካልከፈልኩ ይቆረጣል፣ ደመወዝ ደግሞ ገና ነው። ከየትኛው ወጪ ቀንሼ ልሸፍነው? ቆጣሪውስ እንዴት ይቀየርልኛል? የምታውቁ ቶሎ በሉኝ።

ደብተር ያዥ፦
ወንድሜ፣ ችግሩ ውሃው ሳይሆን የገንዘብ አያያዝህ ነው። ደመወዝ የገባ ዕለት መጀመሪያ ቁጠባህን ለይ። ቀጥሎ ቋሚ ወጪ። የተረፈውን በሳምንት በሳምንት ከፋፍለው። የሦስት ወር ወጪ የሚሸፍን መጠባበቂያ ያለው ሰው በአንድ ቢል አይደነግጥም። የምታወጣትን ሁሉ ማታ ማታ ጻፍ። እኔ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሞላኝ፣ አንድም ቀን አልዘለልኩም።

ደመወዝ ጠባቂ፦
እህት ነኝ። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ግን አርብ ውሃው ሲቆረጥ ደብተሩን ልጠጣው?

ጠርሙስ፦
የአንድ ሊትር ተኩል ፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሙዪና ክዳኑን ጥብቅ አድርገሽ ሽንት ቤቱ የውሃ ሳጥን ውስጥ አስቀምጪ። በለቀቅሽ ቁጥር ያን ያህል ይተርፋል። በቀን አሥር ጊዜ ብትለቂ 15 ሊትር ነው።

ቆጣሪ አንባቢ፦
ቆጣሪው ተበላሽቷል ያልሽው ከምን ተነስተሽ ነው? ያረጀ ቆጣሪ አብዛኛውን ጊዜ አሳንሶ ነው የሚቆጥረው። መጀመሪያ ቢሉን በደንብ እዪው። የፊተኛው ንባብና የአሁኑ ንባብ ተጽፏል። ያለፈው ወር 9 በግምት የተሞላ ከሆነ፣ የአሁኑ 27 ያኔ ያልተቆጠረውንም ጨምሮ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሂደሽ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ከቢሉ ጋር አስተያዪ። ቆጣሪው ላይ ያለው ከቢሉ ካነሰ፣ ስህተቱ የአንባቢው ነው።

ቀልደኛው ጎረቤት፦
ወይም ጎረቤት በማታ ጎማ ሰክቶ እያጠጣ ነው። እኔ አይደለሁም።

ደመወዝ ጠባቂ፦
አሁን አየሁት። የቆጣሪው ቁጥር ከቢሉ በትንሹ ይበልጣል። ያለፈው ወርም ተነቦ ነው እንጂ በግምት አይደለም። ታዲያ 27 ሜትር ኪዩብ ማን ጠጣው? ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ነን!

ጠብታ፦
እንግዲያው ሒሳብ እንሥራ። ጭማሪው 18 ሜትር ኪዩብ፣ ማለትም 18,000 ሊትር ነው። ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 600፣ በሰዓት 25 ሊትር። የሚንጠባጠብ ቧንቧ ይህን አያደርስም። አንድ ቧንቧ በ10 ደቂቃ ግማሽ ሊትር ቢያንጠባጥብ እንኳ በወር ሁለት ሜትር ኪዩብ ከጥቂት ነው። ያንቺ ወይ ሽንት ቤት ነው፣ ወይ ከመሬት በታች የተሰበረ ቱቦ።

ማታ ከመተኛትሽ በፊት ቧንቧውን ሁሉ ዝጊና የቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ አንሺ። ታንከር ካለሽ እስኪሞላ ጠብቂ፣ አለበለዚያ ቆጣሪው ለእሱ ሊዞር ይችላል። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ እንደገና እዪ። ቁጥሩ ከተቀየረ ፍሳሽ አለ። ከዚያ ሽንት ቤቱ ሥር ያለችውን መዝጊያ ዝጊና ደግመሽ ሞክሪ። አሁን ቆጣሪው ከቆመ ሌባው ተያዘ።

ደመወዝ ጠባቂ፦
ሽንት ቤቱ እኮ ደህና ነው። ማታ ማታ ትንሽ ያፏጫል እንጂ። እሱ ደግሞ ከቆየ ወር አልፎታል።

ቀልደኛው ጎረቤት፦
«ትንሽ ያፏጫል» 😂 ይህን መጀመሪያ ብትነግሪን ጎረቤትሽን ባላማሁት!

ጠርሙስ፦
እኔ እኮ ጠርሙስ ብያለሁ።

ጠብታ፦
ጠርሙስ ለሚያፈስ ሽንት ቤት አይረዳም። በደንብ ሳይለቅ ቀርቶ ሁለቴ የሚያስለቅቅ ከሆነማ ጭራሽ ኪሳራ ነው።

የሳጥኑን ክዳን አንሺ። ጥቂት የምግብ ቀለም ውሃው ላይ ጣይና ሳትለቂ 15 ደቂቃ ቆዪ። ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ ከሥር ያለው ጎሚኒ (ውሃውን ይዞ የሚያቆመው ላስቲክ) አልቋል፣ ወይም ቆሻሻ ይዞት አይገጥምም። ውሃው መሃል ላይ በቆመው ቱቦ አናት እየገባ ከሆነ ደግሞ ተንሳፋፊው (ሳጥኑ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው) ከፍ ብሏል። ውሃው ከቱቦው አናት ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቆም አስተካክዪው። ሁለቱም ቀላል ሥራ ናቸው። ጎሚኒ ስትገዢ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ፣ ልኩ ይለያያል። እስኪሠራ ድረስ መዝጊያዋን ዘግተሽ በባልዲ ልቀቂ።

እማማ፦
ልጄ፣ አርብን አትጠብቂ። ነገ ቢሉንና የቆጣሪውን ፎቶ ይዘሽ ቢሮው ሂጂ። ፍሳሽ እንደነበረ፣ እያሠራሽው እንደሆነ ንገሪያቸው። የጎሚኒውን ደረሰኝ አትጣዪ። በሁለት ጊዜ ልክፈል ብለሽ ጠይቂ። እሺ ላይሉሽ ይችላሉ፤ ቢሆንም ከተቆረጠ በኋላ ለማስቀጠል ከመለመን ይሻላል። ኋላ ማስቀጠያም ያስከፍሉሻል።

ደብተር ያዥ፦
በዚህ እስማማለሁ። የስልክ ብድር ግን እንዳትወስጂ። ለአንድ ወር 10 በመቶ ሲሉሽ ትንሽ ይመስላል፤ በዓመት ሲታሰብ 120 በመቶ ነው። ወንድምሽ ወይም የሥራ ባልደረባሽ ይሻላል። እሱንም ጻፊው።

ደመወዝ ጠባቂ፦
ቀለሙን ጣልኩት። ደቂቃ እየቆጠርኩ ነው… ወይኔ፣ ወርዷል መሰለኝ። ቆይ መብራት ላምጣ።

ሌላ አንባቢ፦
ሦስት ሳምንት አለፈ። እኔም ቢል በዝቶብኛል፣ የኔም ሽንት ቤት ያፏጫል። እህታችን ምን ሆና ቀረች? ከፈለሽ ወይስ ተቆረጠብሽ?

ጠርሙስ፦
ጠርሙስ ሞክረሃል?