ደብዳቤው የመጣው በመጋቢት፣ ተፈጻሚነቱ ካለፈው ሐምሌ 1፦ አቤቱታችንን ለማን እና እንዴት እናቅርብ?

ጠያቂ፦ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ፣ አዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ውስጥ ፍራንኮ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ፤ ንግዱ በግል ስሜ የተመዘገበ ሲሆን የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ነኝ። በመጋቢት ወር ከአንድ መሥሪያ ቤት ለእኔና ለጎረቤቶቼ የደረሰን ደብዳቤ፣ የጫኝና አውራጅ ክፍያ ሕጋዊ ደረሰኝ ካልቀረበበት በወጪነት እንደማይያዝ ከገለጸ በኋላ፣ አሠራሩ «ካለፈው ሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ተፈጻሚ ይሆናል» ይላል።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ተሳቢ ያለው መኪና 400 ኩንታል ሲሚንቶ ይዞ ሲመጣ የሚያራግፉት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ሒሳባቸው እዚያው በጥሬ ገንዘብ ይከፈላል፤ በክፍያ ቫውቸሩ ላይ አንዱ በቡድኑ ስም ይፈርማል፣ መጻፍ የማይችል ከሆነም ሲሚንቶ በለበሰ አውራ ጣቱ ያትማል። ይህ ወረቀት እስከ አሁን በሒሳብ ምርመራ ጊዜ ተቀባይነት ሲያገኝ ኖሯል። ከነገ ጀምሮ ደረሰኝ ግዴታ ነው ከተባለ ደረሰኝ የሚቆርጥ ማኅበር እንፈልጋለን፣ ጭማሪውንም በሲሚንቶው ዋጋ ላይ እናስገባለን። ነገር ግን ባለፈው መስከረም ካራገፈልኝና ዛሬ የት እንዳለ ከማላውቀው ልጅ እንዴት አድርጌ ደረሰኝ ላምጣ?

ሃያ የምንሆን ነጋዴዎች አቤቱታ ለማቅረብ ተስማምተናል። አቤቱታው ለማን እንደሚቀርብ፣ «ግብር ላለመክፈል ነው» ተብሎ እንዳይጣልብንም ምን ብለን መጻፍ እንዳለብን የምታውቁ ብታማክሩን ውለታችሁን አንረሳም።

መልስ 1፦ በሒሳብ ምርመራ ሥራ የቆየ ሰው

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ደብዳቤው የተመሠረተበትን አዋጅ፣ ደንብ ወይም መመሪያ ቁጥርና ቀን በጽሑፍ ጠይቁ። ደብዳቤ በራሱ ሕግ አይደለም፤ ያለውን ሕግ ያስታውሳል እንጂ አዲስ ግዴታ አይፈጥርም። ብዙ ጊዜ «ሕጉ ወደ ኋላ ሄደብን» የተባለው ነገር ሲመረመር ሕጉ ጨርሶ ያልተለወጠ፣ የተለወጠው የአንድ ክፍል ኃላፊ አተረጓጎም ሆኖ ይገኛል። እንዲያ ከሆነ ጉዳያችሁ የምክር ቤት ሳይሆን የቅሬታ አጣሪ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛ፣ በአቤቱታችሁ ውስጥ የተለያዩ ነገሮችን እንዳታደባልቁ እለምናችኋለሁ። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ባለሥልጣኑ የግብር ስሌትን እስከ አምስት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያሻሽል ይችላል፤ ማጭበርበር ካለ ደግሞ ይህ ገደብ አይሠራም። ያ ግን ሥራው በተሠራበት ጊዜ በነበረው ሕግ የሚደረግ ምርመራ ስለሆነ ወደ ኋላ የሚሠራ ሕግ አይባልም። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ያን ያህል ቁጣ ያስነሳው የቀን ገቢ ግምትም ክርክሩ በመጠኑ ላይ ነበር። የእናንተ ጉዳይ ከሁለቱም ይለያል፤ የዛሬ ደንብ በትናንት ሥራ ላይ እየተጫነ ነው። እነዚህን ቀላቅላችሁ ከጻፋችሁ አንባቢው በጣም ደካማውን ነጥብ መርጦ ይመልስላችኋል። ይህን የምለው እኔም በጠረጴዛው ወዲያኛው ወገን ተቀምጬ እንዲሁ አደርግ ስለነበር ነው።

አቤቱታው ቀን እንደማያቆምላችሁም አትዘንጉ። የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ለአንዳችሁ ከደረሰ በፌዴራሉ አዋጅ ቅሬታ የሚቀርበው በ21 ቀን ውስጥ ነው፤ በቅሬታው ላይ ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ይግባኝ ለማለት ያለው ጊዜ 30 ቀን ሲሆን ከሚከራከሩበት ታክስ 50 በመቶውን ማስያዝ ይጠይቃል። እናንተ በክልሉ ሕግ የምትስተናገዱ ስለሆናችሁ ቀናቱን ከዚያው ሕግ ላይ አረጋግጡ።

መልስ 2፦ የሕግ ባለሙያ

በቀዳሚው አስተያየት እስማማለሁ፤ ጥቂት ልጨምር። ብዙ ሰው «ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም» የሚለው መርህ በሕገ መንግሥቱ ለሁሉም ሕግ የተደነገገ ይመስለዋል። አንቀጽ 22 የሚናገረው ግን ስለ ወንጀል ሕግ ብቻ ነው። ግብርን በሚመለከት እንዲህ ያለ ግልጽ ክልከላ ስለሌለ «ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል» ብላችሁ ብትጀምሩ በመጀመሪያው ገጽ ትሸነፋላችሁ። የሚያዋጣችሁ የፍትሐዊነት ክርክር ነው፤ ይህም የሚቀርበው ሕግ ለሚያወጣው አካል ነው።

ያ አካል ማን እንደሆነ አንቀጽ 97 ይነግራችኋል፤ በክልሉ ውስጥ በግል የሚነግዱ ሰዎችን የንግድ ትርፍ ግብር የመጣል ሥልጣን የክልሉ ነው። ስለዚህ በግል ስማችሁ የምትነግዱት አቤቱታችሁ ለጨፌ ኦሮሚያ ይሆናል። ከመካከላችሁ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያለው ካለ የእርሱ ጉዳይ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ በተለይም ወደ ፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ይሄዳል። አቤቱታ የማቅረብ መብት በአንቀጽ 30 የተጠበቀ ስለሆነ በዚህ ረገድ ስጋት አይግባችሁ። መሠረቱ የፌዴራል ተቋም መመሪያ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ይረዳችኋል፤ ረቂቁ ለአስተያየት ሳይቀርብ፣ መመሪያውም ሳይመዘገብ የወጣ ከሆነ ይህ ብቻውን ራሱን የቻለ መከራከሪያ ነው።

ከፍርድ ቤት ይልቅ ምክር ቤቱን የማስቀድምበት ምክንያት የሌሎች አገሮች ልምድ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የፋይናንስ ሕግ ክፍል 58፣ በማን ደሴት በኩል ገቢያቸውን ከታክስ ያሸሹ ሰዎች ይጠቀሙበት የነበረውን የ1987 ድንጋጌ «ከመጀመሪያውም ትርጉሙ እንዲህ ነበር» በማለት ለወጠው። ግብር ከፋዮቹ ንብረታችን ተነካ ብለው ቢከሱም እ.ኤ.አ. በ2010 በከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ በ2011 ደግሞ በይግባኝ ተሸነፉ። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2017 የተደነገገውና ከሚያዝያ 1999 ጀምሮ በደመወዝ ምትክ የተሰጡ ብድሮችን እንደ ገቢ ቆጥሮ የሚያስከፍለው ሕግ ግን የተለየ ዕጣ ገጠመው፤ ተጎጂዎቹ በየእንደራሴያቸው በር እየተመላለሱ ጉዳያቸውን ስላስረዱ መንግሥት በገለልተኛ ሰው እንዲመረመር አደረገ፣ በታኅሣሥ 2019ም ከታኅሣሥ 9 ቀን 2010 በፊት የተሰጡት ብድሮች ከሕጉ ውጭ እንዲሆኑ ተቀበለ። ሁሉንም አላገኙም፤ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነውን ሸክም ግን አራገፉ።

የሕንድ ነገር ደግሞ ይብሳል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥር 2012 በግብር ክርክር ለስልክ ኩባንያው ለቮዳፎን ቢፈርድ ፓርላማው በዚያው ዓመት ሕጉን ወደ ኋላ እስከ 1962 ድረስ አሻሽሎ ፍርዱን ትርጉም አሳጣው። ያ ድንጋጌ የተነሳው ባለሀብት ከሸሸና አገሪቱ በዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ከተረታች በኋላ፣ በነሐሴ 2021 ነው፤ የተሰበሰበውም ገንዘብ ያለ ወለድ እንዲመለስ ተወሰነ። (እነዚህ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መልስ 3፦ ነጋዴ፣ ሐዋሳ

ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ የማይጥም ጥያቄ ላንሳ። የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 የጸደቀው ሐምሌ 10 ሆኖ ተፈጻሚ የሆነው ከሐምሌ 1 ጀምሮ ነው። ከደመወዝ ግብር ነፃ የሆነው መጠን ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል «ለምን ወደ ኋላ ሄደ» ያለ ሰው አልሰማሁም። ሲጠቅመን ዝም ብለን ሲጎዳን ብቻ መርህ ብንጠቅስ ማን ይሰማናል? በዚያ ላይ የበጀት ዓመታችሁ ሰኔ 30 ነው የሚዘጋው፤ በመጋቢት የመጣ ደብዳቤ ያልተዘጋ ዓመትን ነው የነካው ብለው እንደሚመልሱላችሁ አትጠራጠሩ።

መልስ 4፦ በነጋዴ ማኅበር ጸሐፊነት ያገለገልኩ፣ አዳማ

የሐዋሳው ወንድማችን ያነሳው ነጥብ ከባድ ነው፤ በምክር ቤት የሚጠየቀውም ይኸው ስለሆነ መልሱን ይዛችሁ ግቡ። ወደ ኋላ የተሰጠ ቅናሽ ማንንም ያለፈ ሥራህን ድገም አይልም። የእናንተ ግን ያለቀ ክፍያን በሌላ ዓይነት ወረቀት ድገሙ ነው የሚለው። ዓመቱ አልተዘጋም ማለትም እውነት ነው፤ ሲሚንቶው ግን ተራግፏል፣ ተሽጧል፣ ቤት ሆኖ ቆሟል። ገዢውን አስጠርታችሁ በኩንታል ጥቂት ብር ጨምርልኝ አትሉትም። «ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» እንደሚባለው ነው፤ እኔ ብሆን የአቤቱታው ርእስ አደርገው ነበር።

አጻጻፉ ላይ ምክሬ አጭር ነው። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ደረሰኝ የማቅረብን ግዴታ እንደምትቀበሉ ይናገር፤ ሁለተኛው ደብዳቤው ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ ተግባራዊ እንዲሆን ይጠይቅ። ከዚያ በላይ ምንም አትጠይቁ። በአንድ ወቅት ያዘጋጀነው አቤቱታ ወደ አሥር የሚጠጉ ጥያቄዎችን ይዞ ነበር፤ ከመንገድ ጥገና እስከ መብራት መቆራረጥ ሁሉን ከትተንበት ስለነበር መልስ ያገኘነው ስለ መብራቱ ብቻ ነው።

አባሪ አድርጉ። ከሐምሌ 1 እስከ ደብዳቤው ቀን ያሉትን ቫውቸሮች ቅጂ ከባንክ ወጪያችሁና ከሲሚንቶው መግቢያ ሰነድ ጋር በቀን አዛምዳችሁ አቅርቡ፤ ሥራው በእርግጥ እንደተሠራ የሚያሳየው ይህ ነው። የሽያጭ ደረሰኞቻችሁን ፎቶ ኮፒ ማድረግ አትርሱ፤ የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በዚህ በአዳማ ሙቀት በመሳቢያ ውስጥ እንኳ በጥቂት ወራት ነጭ ሆኖ ይቀራል። አቤቱታውን ስታስገቡ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ሳትይዙ አትውጡ። ከዚያም ከመረጣችሁት የጨፌ አባል ጋር ሃያ ሆናችሁ ሳይሆን ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ ተገናኙ።

ጠያቂ፦ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ፣ አዳማ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የደብዳቤውን መሠረት ትናንት በጽሑፍ ጠይቀን የገቢ ቁጥር ተቀብለናል። ሁለት ጎረቤቶቻችን በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስለሚሠሩ ለእነርሱ ለብቻው እንጽፋለን። የኔን ቫውቸሮች ዛሬ ማታ ከሒሳብ ባለሙያዬ ጋር ቆጠርናቸው፤ ከሐምሌ 1 እስከ ደብዳቤው ቀን 61 ናቸው። ከእነርሱ 14ቱ በአውራ ጣት የታተሙ ሲሆኑ፣ ቅጂ ሲነሱ አሻራው በደንብ ስለማይወጣ ዋናዎቹን ይዘን ለመቅረብ ወስነናል።